በእናትነሽ ሸክላ ላይ የቀረው ነጭ ነጠብጣብ

አቶ ዲበኩሉ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠረጴዛው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ቀኝ እጃቸው የሙዚቃ ሸክላ ማጠቢያው ውስጥ ተነክሯል። ማጠቢያው ልጃቸው ከውጭ ያስመጣችላቸው ገንዳ ነው፤ ውሃውን ጆሮ በማይሰማው ድምፅ እያንቀጠቀጠ ከሸክላ መስመር ውስጥ የዘመናት እድፍ ያወጣል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓለማቸው እሱ ነበር።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደላቸው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «የማጠቢያውን ሽቦ የጠገነው ኢስሃቅ ሱቁ እዚሁ ማዶ ነው። ይዘነዋል። ጉዳዩ አልቋል።»

ኢንስፔክተር ዱሬቲ «አልቋል» የሚል ቃል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ደግሞ ስትገባ በሩ ላይ ያገኘቻት ሴት ከልቧ አልወጣችም። የኢስሃቅ ሚስት ፈውዚያ ናት፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል።

«ባሌ ሰው ገደለ ከተባለ ይህ ልጅ የሚያድገው እስር ቤት ደጃፍ ነው» ብላት ነበር፣ ሆዷን ይዛ።

ዱሬቲ ማጽናናት አታውቅበትም። «ጥላ ሥር ተቀመጪ። እኔ ገና ምንም አላመንኩም» ብላት አልፋለች።

አሁን ሬሳውን ዙሪያውን ዞራ አየችው። ማጅራቱ ላይ የደረቀ ደም አለ። ወደ ፊት የተደፋ ሰው ማጅራቱን ምን መታው? ምንጣፉን ረገጥ ስታደርገው ውሃ ተፋ፤ ገንዳው ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት ሸክላ ግማሿ ውሃ ውስጥ፣ ግማሿ ከውሃው በላይ ሆና ተሰክታለች። ብቅ ያለው ግማሽ በአዳማ ሙቀት ደርቆ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቷል። ጠረጴዛው ሥር ሁለት የባትሪ ውሃ ጀሪካኖች አሉ፤ አንዱ ባዶ ነው፣ የሌላው ክዳን አልተነካም።

ኑኃሚን፣ የሟቹ አንድያ ልጅ፣ ሳሎን ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች።

«ጠዋት ለመዘምራን ልምምድ ስወጣ ደህና ነበር» አለች። «ነገ የቤተ ክርስቲያናችን ኢዮቤልዩ ነው። ስመለስ እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት።»

«የሚያጥቡት በምን ውሃ ነበር?»

«በባትሪ ውሃ ብቻ፤ የተጣራ ስለሆነ ሲደርቅ ምንም አይተውም። የግቢያችን ቧንቧ ከጉድጓድ ነው፤ ብርጭቆ ላይ እንኳ ሲደርቅ ኖራ ይተዋል። አንዴ ረስቼ ሸክላ በሱ ባለቀልቅበት ስንት ቀን አኮረፈኝ።» ይሄን ስትል እንባዋ መጣ።

«የተሰካችው ሸክላ የማን ናት?»

«የእማዬ የእናትነሽ። በወጣትነቷ የዘመረችው ነው። ከሞተች ቆየች። ከመዝሙሩ በፊት የምትናገረው ነገር አለ፤ ከጫጫታው የተነሣ አይለይም ነበር። ትናንት አባባ አጥቦ ሰማው፤ ዛሬ ይበልጥ ሊያጠራው እጥበቱን ሊደግም ነበር። ለእኔ ግን አላሰማኝም፤ መጀመሪያ ሰይፈሚካኤል ይስማ አለ።»

«ማን ናቸው?»

«የልብ ወዳጁ። የመዝሙሩ ደራሲ። ነገ የሚሸለመው እሱ ነው። አባባ ደውሎ ‹እናትነሽ ስላንተ የተናገረችው ተሰማኝ፤ ጠዋት ና› አለው።»

ሰይፈሚካኤል ለበዓሉ ከሁሩታ የመጡ፣ ሽበታቸው የሚያስከብር ሰው ናቸው። መርዶውን ሰምተው ግቢው ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠዋል።

«ጠዋት መጥተው ነበር አሉ፣ ጋሼ።»

«ብቅ ብዬ ነበር ልጄ። ሥራ ላይ ስለነበር ሸክላውን ሳልሰማ ወጣሁ።»

«ማጠቢያው ደህና ነበር?»

«ምኑን አውቄው። ከደጁ ቧንቧ በባልዲ ቀድቶ ሞላው፤ በርጥብ እጁ ሶኬቱን ሰካ። ተው ብዬው ነበር፤ መች ይሰማል።»

ዱሬቲ አመስግና ተነሣች። ነገሩ ቢገባትም ደስ አላላትም። ሽማግሌውን ወዳቸው ነበር።

ሬሳው ሆስፒታል ሄዶ ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ኢስሃቅ ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ መጣ፤ ፈውዚያ ከጎኑ ተጠጋች። ዱሬቲ በረንዳው ላይ ያደረቀችውን ሌላ አሮጌ ሸክላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እዚህ ጋ የባትሪ ውሃ አንጠባጥቤ ነበር፤ ደርቆ ምንም አልቀረም። እዚህ ጋ ደግሞ የቧንቧው። ይኸው ኖራው። የእናትነሽም ሸክላ ላይ ያለው ይሄው ነው።»

ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩት።

«አቶ ዲበኩሉን ኤሌክትሪክ አልገደላቸውም። ሐኪሙ እጃቸው ላይ የቃጠሎ ምልክት አላገኘም፤ ማጅራታቸው ግን ተሰብሯል። ተገፍተው ሲወድቁ ገንዳው አብሮ ተገለበጠ፤ ምንጣፉን ያራሰው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ መለሳቸው፣ ገንዳውን እንደገና ሞላ፣ እጃቸውን ነከረ። ኑኃሚን ብትሆን፣ ኢስሃቅም ቢሆን፣ የዚህን ቤት ውሃ ያውቃሉና እግራቸው ሥር ያለውን ጀሪካን ይከፍቱ ነበር። የሞላው ሰው እንግዳ ነው። ውሃ ሁሉ አንድ የሚመስለው።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ ከቧንቧ መሞላቱን ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ዲበኩሉ የሚስታቸውን ድምፅ ኖራ ውስጥ አይነክሩም።»



«መዝሙሩ የእሷ ነው» አሉ ሰይፈሚካኤል። «ቃሉም ዜማውም። ዕድሜዬን ሙሉ በሱ ተከበርኩበት። ሸክላዋ ላይ እውነቱን የተናገረች መሰለኝ። እንዳያሰማብኝ ለመንኩት፤ ‹ግዴለህም ስማው› እያለ ሳቀ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝና ገፋሁት። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደቀ።»

«ሸክላዋን ለምን አልሰበሯትም?»

«እጄ እምቢ አለኝ።»

ዱሬቲ የኢስሃቅን ካቴና አስፈታች። ፈውዚያ ሁለቱንም እጆቹን ይዛ ፊቷ ላይ አደረገቻቸው።

ኑኃሚን ጀሪካኑን ከፍታ የእናቷን ሸክላ በእጇ አለቀለቀች። ማስረጃ ነበር፤ ዱሬቲ ግን አልከለከለቻትም። ኢስሃቅ ሳሎኑ ጥግ ያለውን የሸክላ ማጫወቻ አበራው። ትንሽ ተንጫጫና አንዲት ወጣት ሴት እዚያው ሳሎን ውስጥ ያለች ያህል ጥርት ብላ ተናገረች።

«ይህን መዝሙር የሰጠን ወንድማችን ሰይፈሚካኤል ነው። ጌታ ዕድሜውን ያርዝምለት።»

ከዚያ መዝሙሩ ቀጠለ። ለካ የገዛ ሥራዋን በፈቃዷ ለሰው ሰጥታ ኖሯል። ዲበኩሉ የጠሯቸውም ይህንን ሊያሰሟቸው ነበር።

ሽማግሌው በመዳፋቸው ጆሯቸውን ያዙ። «አጥፉልኝ» አሉ።

ኢስሃቅ እጁን ወደ ማጫወቻው ዘረጋ።

«ተወው» አለችው ኑኃሚን። «እስከ መጨረሻው ይስማ።»