የተጨበጨበለት ውሃ

የተፈናቃዮች ቤቶች ሲመረቁ፣ ከክልል የመጡት እንግዳ ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ ቧንቧውን ሲከፍቱት ውሃው ፈሰሰ፤ ተጨበጨበ። ውሃው ነጣ ያለ ነበር።

«ክሎሪን ነው፣ ክቡርነትዎ» አሉ አቶ ደገፉ፣ የመልሶ ማቋቋሚያ ቤቶች ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ።

እንግዳው በብርጭቆ ተቀድቶላቸው ጠጡ። «ጣፋጭ ነው!» አሉ። ካሜራው ቀረጸ። ሌሎቹም ተራ በተራ እየተቀበሉ ጠጡ።

በድንኳኑ ውስጥ ጥብሱ ከነዳጣው ቀርቦ እጅ መታጠብ ሲጀመር ቧንቧው ቀጥ አለ። ጥበቃው ጋሽ ቦልቴ ከቤቶቹ በላይ ወደተሠራው ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ወጡ፤ የብረት ክዳኑን አንስተው ረጅም እንጨት ሰደዱ። የውሃውን መውጫ የደፈነው ቢጫ የመሃንዲስ ሰደርያ ነበር። ሲስቡት ክንድ ተከትሎት መጣ።

ሟቹ አሮን ይባላል፤ የግንባታው ተቆጣጣሪ መሃንዲስ ነበር። ጠዋት «የት ገባ?» ሲባል፣ «ሥራ ጠልቶ ቀርቷል» ተብሎ ታልፎ ነበር። አሮን ግን አልቀረም። ሁሉም የጠጡት ውሃ ሥር ተኝቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ትርፌ ከሶዶ ተነሥታ ቤቶቹ ወዳሉበት ወደ ዲምቱ ስትደርስ የወረዳው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶት ነበር። የማጠራቀሚያው ውሃ ተለቅቋል፤ ጋሽ ቦልቴ በካቴና ታስረው የመኪና ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«ግልጽ ነው» አሉ አቶ ደገፉ ሰዓታቸውን እያዩ። «ልጁ ትናንት አመሻሽ የውሃውን መጠን ሊያይ ወጣ። ይኼ ሰውዬ ክዳኑን ክፍት ትቶት ነበር። ወደቀ፣ ሰጠመ። ጥበቃው ይጠየቃል። እኛ ሶዶ የምናቀርበው ሪፖርት አለ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠብቀናል።»

«ምን የሚል ሪፖርት?»

«የፋይናንስ፣ የቤቶች፣ የመሠረተ ልማት አፈጻጸም። ቤቱ መቶ በመቶ፣ ውሃው መቶ በመቶ።»

«ውሃው ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?»

«ከሳምንት በፊት ጀምሮ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ፓምፑ ተገጥሞ፣ ማጠራቀሚያው ሞልቶ። ተጽፏል እኮ!»

«እሺ። ማንም ከዚህ አይሄድም።»

«ኢንስፔክተር፣ እንግዳ ይዘናል!»

«እኔ ደግሞ ሬሳ ይዣለሁ» አለች ትርፌ።

ከዚያ ሄዳ ጋሽ ቦልቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ከሃላሌ ከተማ በላይ መሬት ተንሸራቶ ቤታቸውንና የእንሰት ጓሯቸውን የበላባቸው ሰው ናቸው። ዛሬ ከተመረቁት ቤቶች አንዱ ለእሳቸው የተመደበ ነበር። ጥፋተኛ ከተባሉ ቤቱም ነጻነታቸውም አብረው ይሄዳሉ።

«ጋሼ፣ ትናንት ክዳኑን ክፍት ትተው ነበር?»

«ልጄ፣ ትናንት አመሻሽ እኔ እዚህ አልነበርኩም። መቀስ ፈልግ ብለው ሰደዱኝ።»

«የምን መቀስ?»

«የሪባን። ሪባኑን ይዘው መጡ፣ መቀሱን ረሱ። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ከልብስ ሰፊ ለምኜ አመጣሁ። ስመለስ የውሃ ቦቴ እዚያ ላይ ቆሞ ቱቦ ሰድዷል። ሥራቸው ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ማን ነው የላከዎት?»

«አቶ ደገፉ። ግን ትናንት ያልላኩት ሰው የለም። አንዱን ለወንበር፣ አንዱን ለለስላሳ...»

«ይህን ለፖሊሶቹ ነገሯቸው?»

«ነገርኩ። ‹ቦቴ አትበል፣ ውሃው በፓምፕ ነው የመጣው› አሉኝ።» እጃቸውን ከነካቴናው አንስተው ፊታቸውን ጠረጉ። «አሮን ደህና ልጅ ነበር። መሠረቱ ክረምት አይችልም፣ ፓምፕ የለም፣ እዚህ ሰው ማስገባት መግደል ነው ይል ነበር። ዛሬ ለእንግዳው እነግራለሁ ብሎ ነበር። ደግሞ በድብቅ አይደለም፤ በሁሉም ፊት ነው የተናገረው።»

ትርፌ ማጠራቀሚያው ላይ ወጥታ በመሰላል ገባች። አሮን በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ ሰደርያው ከጀርባው ወልቆ በአንድ ክንዱ ብቻ ተይዟል። በግድግዳው ጥግ የተደረደሩ የሲሚንቶ ከረጢቶች ድንጋይ ሆነዋል። አንድ የፈነዳ ከረጢት ከሬሳው ሥር ነበር። የጤና ባለሙያው ሬሳውን ቀና ሲያደርገው ፀጉሩና የሸሚዙ ጀርባ በጠጠረ ሲሚንቶ ተይዞ አስቸገረ። ከራስ ቅሉ ኋላ ትልቅ ስብራት አለ። ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሲሚንቶው ላይ የትከሻውና የሸሚዙ እጥፋት ቅርጽ ቀርቶ ታየ። ትርፌ ቅርጹን በእጇ ዳሰሰችው። ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ውጭ፣ ሥራ ተቋራጩ ዳልጮ ራሱን ይዞ ግንብ ላይ ተቀምጧል። እሱና ትርፌ ሶዶ አንድ ክፍል ተምረዋል።

«ትርፌ! አንቺ ነሽ እንዴ የመጣሽው? የእኔ ነገር!»

«የምታዝነው ለሰው ነው ወይስ ለሲሚንቶ?»

«ለሁለቱም፤ አትቆጪኝ። ሌባና ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ እዚያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነው። ያ ነገር ከተሠራ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አይቶ አያውቅም! ዛሬ ጠዋት ሞልቶ ሳየው ልቤ ልትቆም ነበር። በእንግዳ ፊት ምን ብዬ ልጩህ?»

«ጠጣህ?»

«ሁለት ብርጭቆ። የገዛ ሲሚንቶዬን ጠጣሁ!» ሊስቅ ጀምሮ ፊቱ ጠቆረ። «አሮንንም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«በየቀኑ! ብረት አሳነስክ ይለኛል። አሳንሻለሁ። በተከፈለኝ ልክ ነው የሠራሁት፤ ሌላው የት እንደገባ ቢሮውን ጠይቂ። ሰው ግን አልገድልም።»

ሪፖርቱን የጻፈችው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዋ ማክዳ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ቦቴውን ማን ጠራው?»

«እኔ። ግን ለሮቶው ነበር።» ከቧንቧው ግንብ ጀርባ የተደበቀውን ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር አሳየቻት። «ምርቃት ሲኖር እንዲህ ነው የምናደርገው። ሮቶ እንሞላለን፣ ከቧንቧው ጋር እናገናኛለን። እንግዳ ሲሄድ ሮቶውን ጭነን ወደሚቀጥለው ምርቃት እንወስደዋለን። ሁሉም ያውቃል።»

ትርፌ ሮቶውን በጡጫ መታችው። ባዶ ድምፅ ሰጠ።

«ጠዋትም ባዶ ነበር» አለች ማክዳ። «ዳልጮን ጠየቅኩት፤ አላውቅም አለ። አቶ ደገፉን ጠየቅኳቸው፤ ‹ውሃ እስካለ ድረስ ምን አስጨነቀሽ› አሉኝ።»

ትርፌ የስልኳን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ለቦቴው ሹፌር ለፀጋአብ ደወለች።

«ሊመሽ ሲል ከማክዳ ስልክ ተደወለልኝ» አለ ሹፌሩ። «‹ሮቶውን ተወው፣ ትልቁን ሙላው፣ ጓደኛህንም ጥራ› ተባልኩ። ለሁለት ከቢላቴ ወንዝ ስንመላለስ አመሸን።»

«ማክዳ ናት ያናገረችህ?»

«ስልኩ የእሷ ነው፣ ድምፁ የወንድ ነው። የቦቴው ሞተር ይጮህ ነበር፤ የማን እንደሆነ አልለየሁም።»

«ስልኬ ከእጄ ወጥቶ ነው የዋለው» አለች ማክዳ ፈርታ። «ፎቶ ልይ ያለ ሁሉ ይወስደዋል። አመሻሽ ላይ ዳልጮም ወስዶታል፣ አቶ ደገፉም ወስደውታል።»

«የምርቃቱን ቪዲዮ አሳዪኝ» አለች ትርፌ። ደጋግማ አየችው።

ከዚያ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጥብሱ ረግቷል፣ ዝንብ ወሮታል። ጋሽ ቦልቴ ከነካቴናቸው መግቢያው ላይ ቆሙ።

«አሮን ውሃ ውስጥ አልወደቀም» አለች ትርፌ። «የወደቀው ደረቅ ወለል ላይ ነው። ከሥሩ የፈነዳው ሲሚንቶ ዱቄት ነበር፤ ውሃ ሲደርስበት ከፀጉሩና ከሸሚዙ ጋር ጠጠረ። መጀመሪያ ሰውየው ወደቀ፣ ውሃው በኋላ መጣ።»

«ግምት ነው» አሉ አቶ ደገፉ።

«እሺ፣ እንቀጥል። እዚህ ለምርቃት ስንት ውሃ እንደሚያስፈልግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለአንድ ጭብጨባ አንድ ሮቶ ይበቃል! ለተፈናቃዩ፣ ለእናቶች አንድም ቀን ቦቴ ያልጠራ ሰው፣ ትናንት በሁለት ቦቴ ያንን ሁሉ ሞላ። በዚህ አገር ውሸት ሲዋሽ ከሚበቃው በላይ ማንም አይደክምም። ትልቁን መሙላት የፈለገው ውሃ ለማሳየት አይደለም፤ ሰው ለመደበቅ ነው። ‹ሰጠመ› ለማለት ውሃ ያስፈልግ ነበርና።»

ትርፌ የማክዳን ስልክ ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ትእዛዙን የሰጠው በማክዳ ስልክ የተናገረ ወንድ ነው። አመሻሽ ላይ ስልኩን የያዙት ወንዶች ሁለት ናቸው። ዳልጮ...»

«እኔ አይደለሁም!»

«አውቃለሁ። አንተ ብትሆን መጀመሪያ ሲሚንቶህን ታወጣ ነበር። ለአንድ ከረጢት የምትጮህ ሰውዬ ያንን ሁሉ በገዛ እጅህ ድንጋይ አታደርግም።»

«እውነት ነው» አለ ዳልጮ በረጅሙ ተንፍሶ። «ስድብ ቢሆንም እውነት ነው።»

«በቪዲዮው እንግዳው ጠጡ። ማክዳ ጠጣች። ዳልጮ ደግሞ ጠጣ። ለሁሉም ብርጭቆ እየሞሉ ያደሉ አንድ ሰው ግን ከንፈራቸውን እንኳ አላስነኩም። አቶ ደገፉ፣ ለምን አልጠጡም?»

«ጾም ጸሎት ላይ ነበርኩ።»

«ምን?» ዳልጮ ተነሣ። «ጠዋት ዲምቱ ቋንጣ ፍርፍር አብረን በላን እኮ! ሻይ ደግመዋል!»

አቶ ደገፉ ወደ እንግዳው ዞሩ። «ክቡርነትዎ፣ ይህ ሁሉ ቦቴ መጣ ለማለት ነው። ውሃው በፓምፕ የገባ ነው። ሪፖርቱ ላይ አለ፤ ሳምንት ሆኖታል።»

«እሱን ነበር የምጠብቀው» አለች ትርፌ። «ሪፖርቱ እውነት ከሆነ ሲሚንቶው የጠጠረው ከሳምንት በፊት ነው። ታዲያ ትናንት በሕይወት የነበረ ልጅ ሳምንት በጠጠረ ሲሚንቶ ላይ ትከሻውን እንዴት አተመ? ወይ ሪፖርቱ ውሸት ነው፣ ወይ አሮን ከመሞቱ በፊት ሞቷል። ይምረጡ!»

«ሪፖርቱ...»

«ፓምፑ የታለ?» አሉ ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ።

«ክቡርነትዎ፣ በሂደት...»

«ፓምፑ የታለ አልኩ!»

አቶ ደገፉ ከወንበራቸው ተነሡ። ድምፃቸው እንደ ተቆጣ ልጅ ሆኖ ወጣ። «የስንት ሰው ድካም ሊያፈርስ ነበር! ለምኜዋለሁ። እዚያ ላይ ቆመን ለምኜዋለሁ። ‹እናገራለሁ› አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

«ውሃውን ሲለቁበት መሞቱን አረጋግጠው ነበር?»

አቶ ደገፉ ሰዓታቸውን አዩ። ማክዳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች።

ትርፌ ፖሊሶቹ ካቴናውን ከጋሽ ቦልቴ እጅ ፈትተው አቶ ደገፉን እንዲያስሩበት አዘዘች። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«እርስዎም መጠየቅ ይችሉ ነበር፣ ዶክተር። ነጭ ውሃ ጠጥተው ‹ጣፋጭ ነው› ብለዋል።»

ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። ጠረጴዛው ላይ ለርክክብ ከተደረደሩት የቤት ቁልፎች አንዱን አንስተው ወደ ሽማግሌው ሄዱ። ካሜራ የያዘው ሰው በልማድ ተከተላቸው።

«አባቴ፣ በእውነት በድለንዎታል። ቤትዎን አሁኑኑ ይረከቡ።»

ጋሽ ቦልቴ በካቴናው የቆሰለ አንጓቸውን እያሹ ቁልፉን አዩት፤ አልተቀበሉም።

«መሠረቱ አይችልም ያለው ልጅ እዚያ ተኝቷል» አሉ። «መጀመሪያ እሱን እንቅበር። ከዚያ የሚችል ቤት ሥሩልንና ጥሩን።»

ካሜራውን በመዳፋቸው ገፍተው ወጡ። ወሬው ተፈናቃዮቹ ከሰፈሩበት ሜዳ ደርሶ ነበርና ሰዎች እየመጡ ነው። ሬሳውን በቃሬዛ ሲያወርዱት ጋሽ ቦልቴ አንዱን ጫፍ ያዙ፤ ከኋላ ሌሎች ትከሻ ሰጡ። አሮንን ወደ ትውልድ ከተማው ቦዲቲ የሚወስደው መኪና ከሚመጣው ሰው ብዛት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ መግባት ስላልቻለ እስከዚያ ድረስ በእግር ተሸከሙት። መንገዱ በሰው ሞላ። የእንግዳው መኪኖች ሞተር አስነሥተው ጡሩንባ ነፉ፤ ዞር ያለላቸው አልነበረም።