ማስተዋልና ቀርፋፋዋ እስስት

ማስተዋል የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ታላቅ እህቷ ይታይሽ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ይታይሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕሎቿን ይዛ ወደ ሰፈራቸው ሜዳ ትወርዳለች። ማንም ሳያዛት፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ልጆችን ስለ ዱር እንስሳት ታስተምራለች።

አንድ ቅዳሜ ማስተዋልም ባለችበት የእስስት ሥዕል አሳየቻቸው። እስስት መርዝ እንደሌላት፣ ዝንብ እየበላች እንደምትኖር ነገረቻቸው።

ልጆቹ ግን ሳቁባት። «እስስትማ ከነከሰች አትለቅም» ብለው ኳሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ይታይሽ ሥዕሏን ጠቅልላ ወደ ቤት ገባች። ከእንግዲህ እንደማታስተምር ለእናቷ ስትነግራት ማስተዋል ሰማች።

በማግስቱ ማስተዋል ከሱቅ ስትመለስ ትናንት ከሳቁት ልጆች አንዱን፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ናሁሠናይን አየችው። ድንጋይ ይዟል።

አጥሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ እስስት ትሄዳለች። ቀስ... ቀስ... ቀስ...

ናሁሠናይ ወረወረ። ቷ! ድንጋዩ እንጨቱን መታው።

እስስቷ ልታመልጥ ፈለገች። ግን እሷ መሮጥ አትችልም። ቀስ... ቀስ... ቀስ...

ናሁሠናይ ሌላ ድንጋይ አነሳ።

የማስተዋል ልብ ድው! ድው! አለ። እሷም እስስት ትፈራለች። ቢሆንም ሮጣ ሄዳ አጥሩ ፊት ቆመች።

«አትምታት» አለችው። «እህቴ ምንም አታደርግም ብላለች።»

«እህትሽ በምን አወቀች?»

«ዝም ብለን እንያትና እናውቃለን።»

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ።

ዝዝዝ... አንዲት ዝንብ መጥታ አጥሩ ላይ አረፈች።

የእስስቷ ረጅም ምላስ ተወነጨፈ። ጧ! ዝንቧ የለችም።

ናሁሠናይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ።

እስስቷም ቅጠሉ ውስጥ ገባች። ቀስ... ቀስ... ቀስ... አንድም ቦታ አልተጎዳችም።

«እፎይ» አለች ማስተዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ተንኳኳ። ኳ! ኳ! ኳ!

ይታይሽ ከፈተች። ናሁሠናይ ነው። ከኋላው ዘጠኝ ልጆች ቆመዋል።

«ይታይሽ፣ ያልሽው እውነት ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በዓይኔ አየሁ። ዛሬ ደግሞ ስለ ጉጉት ንገሪን።»

እናቷ ከጓዳ ወጥታ ግንባሯን ሳመቻት። ልጆቹም አጨበጨቡላት። ጨብ! ጨብ! ጨብ!

የዚያን ቀን ይታይሽ ድምፅዋ እስኪዘጋ አስተማረች። ኳሱን ያስታወሰው አልነበረም።

ማታ እህትማማቾቹ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኙ።

«ናሁሠናይ ሁሉንም ነገረኝ። ለካ አንቺ ሰምተሽኝ ነበር» አለች ይታይሽ።

«አዎ» አለች ማስተዋል። «ግን እስስቷን አሁንም ትንሽ እፈራታለሁ።»

ይታይሽ ሳቀችና እቅፍ አደረገቻት።

«እኔም» አለቻት በጆሮዋ።