ልጆች የማይሉት ስንኝ

«ሃያ ሦስት» አለች ዋሲላ።

እማማ ስህን የጠየቋት ዕድሜዋን ነበር። ኑርሀያት እስክሪብቶዋን ከደብተሩ ላይ አንስታ ጓደኛዋን አየቻት። ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው።

«ውይ! አሥራ አምስት ማለቴ ነው» ብላ ዋሲላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ወደ እማማ ስህን ቤት የመጡት ለአማርኛ የቤት ሥራ ነው። ጦርነቱ ዘግቶት የከረመው ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ መምህርት ለተብርሃን የሰጡት የመጀመሪያው የቡድን ሥራ ነበር፦ አንድ የሀገር ዘፈን ከትልቅ ሰው ጠይቆ ትርጉሙን መጻፍ። እነሱም ቀላል ነው ብለው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቀለቦሽ ሲጫወቱ የሚሉትን መረጡ።

የቀለቦሽ ጠጠር አብረን ለቅመን ሳለን፣
አንቺን ማን ጠራና እኛን ማን ከፈለን።

«ሁለተኛውንስ?» አሉ እማማ ስህን።

«ሁለተኛ አለው እንዴ?» አለች ኑርሀያት።

«እናንተ የት ታውቁታላችሁ። ይኼ እኮ የጨዋታ ዘፈን አልነበረም። ሙሽራ ስትወጣ የቀሩት ጓደኞቿ ናቸው የሚሉት። ለእኔም ብለውልኛል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሠርጉ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት በቅሎ ላይ ካወጡኝ በኋላ ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉና በቀጭን ድምፅ ቀጠሉ፦

እጆቿን ሳትታጠብ ከጨዋታው አፈር፣
ሴት ናት ብለው ሰጧት ለማታውቀው ሀገር።

ኑርሀያት መጻፍ ጀመረች። ዋሲላ ግን ተነስታ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። «ይበቃናል፤ እንሂድ» አለች።

መንገድ ላይ ኑርሀያት ደብተሯን አቅፋ ተከተለቻት። ያኔ ችላ ብላ ያለፈቻቸው ነገሮች አንድ በአንድ መጡባት። ባለፈው ወር ዋሲላ የእናቷን ሻርፕ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ ከፎቶ ቤት ስትወጣ አግኝታት ነበር። «ለሚኒስትሪ ፈተና ነው» ነበር ያለቻት። የፈተናው ፎቶ ግን በዩኒፎርም ነው፤ ከተሰበሰበም ቆይቷል። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ደግሞ ደሴ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ ትላለች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው?

«ማን ነው ሃያ ሦስት በይ ያለሽ?»

«ባክሽ አታካብጂ። የአፍ ወለምታ ነው።»

«ወለምታ እንዲህ አይፈጥንም። ሸምድደሽዋል።»

ዋሲላ ቆመች። ዞር ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማንም ላትናገሪ ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አለች ኑርሀያት ሳታስብ።

«ሳዑዲ ነው የምሄደው። ፓስፖርቴ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው ተብሎ ወጥቷል፤ ደላላው ነው ያስጨረሰልኝ። እማዬ አታውቅም፣ ደሴ የምሄድ ነው የሚመስላት። አባዬ እንደሆነ በዚያው በጦርነቱ ቀረ። እኔ ካልሄድኩ ታናናሾቼን ማን ያሳድጋል?»

«የማን ቤት ነው የምትሠሪው?»

«ደላላው ያውቃል።»

«አንቺስ?»

ዋሲላ «ምለሻል» ብቻ ብላ ወደ ሰፈሯ ታጠፈች።

በማግስቱ ኑርሀያት ከትምህርት ቤት ስትወጣ በገበያው በኩል ዞረች። የዋሲላ እናት እትዬ ዑምኩልሱም ከመግቢያው ላይ ሽንኩርት ይሸጣሉ። እስክትደርስ ድረስ እግሯ ሁለት ጊዜ ቆመ። እናትየው ቢያውቁስ? አብረው ያሰቡት ከሆነስ? ያን ጊዜ ጓደኛዋን ታጣለች፤ ጉዞው ግን አይቀርም።

«እትዬ ዑምኩልሱም፣ ዋሲላ ነገ የት ነው የምትሄደው?»

«ደሴ ነዋ፣ አክስቷ ጋ። ምነው፣ አንቺም አማረሽ?» ብለው ሳቁ።

ኑርሀያት ዓይናቸውን አጥብቃ አየች። የሚደብቁት ነገር ይኑር አይኑር መለየት አልቻለችም።

መሐላ ያፈረሰ፣ ድሃ የሚያበላበት ከሌለው ሦስት ቀን እንደሚጾም ቁርዓን በቀራችበት መድረሳ ተምራለች። ከነገ ጀምሮ ትጾማለች።

«ትንሽ ልቀመጥ? የምነግርዎት አለኝ» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ከሽንኩርቱ አጠገብ ቁጭ አለች።