የማን ግራ?

«ፖዘቲቩ በግራ ነው በቀኝ?»

ባትሪ ሻጩ ጥሩምባ ለምትባለው ልጅ ጥያቄውን ደገመላት። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ሕፃን ሳለች ልቅሶዋ ሰፈሩን ይቀሰቅስ ነበርና። አሁን ግን ያ ድምፅ ከየት ይምጣ።

«በግራ» አለች። አያቷ የላኳት እንደዚያ ብለው ነው፤ «የፒክአፕ፣ ሰባ አምፒር፣ ፖዘቲቩ በግራ። ሌላ ቢሰጡሽ እንዳትቀበይ።»

ሻጩ ሁለት ባትሪ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቁርጥ መንታ ናቸው። ልዩነታቸው ፖዘቲቩን የምታሳየው የመደመር ምልክት ብቻ ናት፤ ያንደኛው በግራ፣ የሌላኛው በቀኝ።

«ጋሼ፣ ብሳሳትስ?»

«የመኪናው ገመድ አይደርስም። በግድ ያለቦታው ከታሰረ ደግሞ...» ጣቶቹን ፈነጠቃቸው። «ጭስ ነው። ከዚህ ከወጣ በኋላ አልመልስም፣ ከወዲሁ ልንገርሽ።»

ጭስ። እህቷ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል፤ ዛሬ ትሁን ነገ አይታወቅም። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ እነሱ ሰፈር ደግሞ ከመሸ ታክሲ ዝር አይልም። ያለቻቸው ፒክአፕ ጠዋት ቁልፏ ሲዞር ጠቅ ብላ ዝም አለች። ማታ የምትነዳው እናቷ ብትሆንም፣ ባትሪውን የሚያስሩት አያቷ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ምልክት አያነቡም፤ እጃቸው የለመደው ቦታ ላይ በዳበሳ ነው የሚያስሩት።

አሮጌውን ይዞ መምጣት ነበር ደንቡ። ግን እናቷ ከሥራ እስክትመለስ ክብደቱን ችሎ ከመኪናው የሚያወጣው ሰው አልተገኘም። እህቷ «ፎቶ ላንሳልሽ?» ብትላት፣ «ባትሪ ነው እንጂ ሙሽራ ነው?» ብላ ስቃባት ወጣች። ልጅነት እንዲህ ነው።

ሻጩ ፖዘቲቩ በግራ የሆነውን ባትሪ ተሸክሞ ደጅ የቆመው ታክሲ ውስጥ ጫነላት፤ እንዳይንሸራተት በገመድም አሰረው። ከዚያ ከመኪናው ፊት ቆሞ ባለታክሲውን በእጁ ይመራ ጀመር።

«ግራ ስበር! ግራ!»

ባለታክሲው ሰበረ። ሻጩ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ኧረ ግራ አልኩህ፣ ሰውዬ!»

«በማን ግራ ነው? እኔ መሪ ላይ ነኝ፣ አንተ ፊቴ ቆመሃል!»

ጥሩምባ እጇ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሹፌር ነበሩ። ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠ ሰው እንኳ «ጨው በግራ በኩል አለልህ» ሲሉ የራሳቸውን ግራ ነው። ቤተሰቡ «የሹፌር ግራ» እያለ ይስቅባቸዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግራ የሚሉት ከየት ሆነው ነው?»

«ኮፈኑ ተከፍቶ ከፊቱ ስትቆሚ ነዋ። ሌላ ከየት?»

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«የት ደረስሽ? ወገቤን ጀማምሮኛል መሰለኝ።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ባለታክሲው ሞተሩን አጓራ። «እህት፣ እንሂድ?» ሻጩም ሱቁን ሊዘጋ ቁልፉን አውጥቷል። ሁሉም እሷን ያያሉ።

«እታለም፣ ስልኩን ለአባባ ስጫቸው።»

«ምነው ጥሩምባዬ?» አሉ አያቷ።

«አባባ፣ ግራ ያሉኝ ከመኪናው ፊት ቆመው ነው ወይስ መሪው ጋ ተቀምጠው?»

«ግራ ግራ ነው። መኪና ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ። ፈርቼ ነው።»

አያቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆይ... እስቲ ወጥቼ ኮፈኑን ልክፈተው።»

ስልኩ ወደ እህቷ ተመለሰ። ጥሩምባ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እታለም፣ ፎቶውን ላኪልኝ። ከመኪናው ፊት ለፊት ቆመሽ።»

«የሙሽራውን?» አለች እህቷ፣ በሕመሟ መሃል እየሳቀች።

«አዎ፣ የሙሽራውን።»

ጥሩምባ ወደ ባለታክሲው ዞረች። «ሞተሩን አጥፋው፣ ወንድሜ። ገና ነን» አለችና ፎቶው እስኪደርስ የታሰረውን ባትሪ ገመድ መፍታት ጀመረች።