ባለ ሁለት ዓይኗና ትልቋ

«ባለ ሁለት ዓይኗን ነው የምመርጠው» አለች ሚጢ። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ውሸት መሆኑን አወቀችው።

የአክስቷ ፊት ግን በራ። ትንሿን ካሜራ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። «አውቄው ነበር! እናትሽ ስትዳር ያነሳኋት በዚህች ነው። አንቺንም በተወለድሽ በሦስተኛው ቀን በዚህችው ነው ያነሳሁሽ፤ ያኔም እንዲህ አፍሽን ከፍተሽ ነበር።»

ሚጢ አፏን ዘጋች። ሁለቱም ሳቁ።

አክስቷ ፎቶ አንሺ ናት። ለሠላሳ ዓመት የሰፈሩን ሰው ጉርድ ፎቶ ስታነሳ፣ ሙሽሮችን «አገጭ ቀና!» ስትል ኖራለች። አሁን የቀኝ እጇ አንጓ አስቸግሯታል፤ ፎቶ ቤቱም በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ከዕቃዎቿ ሁሉ የምትሳሳላቸው ከተራው በሚሰፋ ፊልም ለሚሠሩት ለሁለቱ ካሜራዎች ነው። አንደኛዋ ሁለት ሌንስ ከላይና ከታች የተደረደሩባት፣ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ከአናቷ ቁልቁል የምትታይ ቀላል ካሜራ ናት። ሌላዋን ሁሉም ሰው «ትልቋ» ይላታል። ጡብ የምታክልና እንደ ጡብ የምትከብድ ናት፤ ቁልፏ ሲጫን «ጧ!» ስትል ሰው ይደነግጣል።

ከወር በፊት አክስቷ ሁለቱንም ለሚጢ ሰጥታት ነበር። «ሞክሪያቸው። አንዷ ያንቺ ናት። ሌላዋን ካሜራ ጠጋኙ ይገዛናል፤ ገንዘቡ ለቀረችው ፊልምና የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ይሆናታል።» ጠጋኙ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።

ሚጢ ወደ ቤት ስትመለስ ጓደኛዋ መንገድ ላይ አገኘቻት። ዝም ማለት ስለማትችል በክፍል ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የምትባለው።

«ምን ሆነሻል? ካሜራ በነፃ አግኝተሽ ፈተና የወደቀ ሰው ትመስያለሽ።»

«ባለ ሁለት ዓይኗን አልኳት።»

«እና? ታምራለች እኮ! ያቺኛዋ መድፍ ናት።»

«መድፏን ነው የምፈልገው።»

ሬዲዮ ቆመች። «ኧረ ባክሽ?»

ሚጢ ልታስረዳት ሞከረች። ባለ ሁለት ዓይኗ ታምራለች፤ ግን ለአንድ ሜትር ያህል ካልራቁ ሁሉም ነገር ይደበዝዝባታል። ትልቋ ግን ከፊቷ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ ጥቁር ቆዳ አላት። ቆዳው በተዘረጋ ቁጥር ወደ ዕቃው መቅረብ ይቻላል፤ እስከ ጥፍር፣ እስከ ክር ድረስ። ባለፈው ሳምንት ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሰዓት ሠሪ እጁን እንድታነሳ ፈቅዶላት ነበር። «ጋሼ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» ስትለው፣ «ልጄ፣ እኔ ከተንቀሳቀስኩ እኮ ሰዓቱም አይሠራም» ብሎ አሳቃት። ሳቁ እስኪያልፍላት ጠብቃ ነው ቁልፉን የተጫነችው። ፎቶ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል፣ በቀይ መብራት ሥር ምስሉ ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ትንፋሿን ያዘች።

«ታዲያ ንገሪያታ!» አለች ሬዲዮ።

«ቅር ይላታል። እንዴት ደስ እንዳላት ብታዪ!»

«እንግዲያው ዝም በይና ዕድሜ ልክሽን ከሩቅ አንሺ።»

ሬዲዮ አብዝታ ስለምታወራ አንዳንዴ ሳታስበው ቁም ነገር ይወጣታል።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሚጢ የፎቶ ቤቱን በር ስትከፍት አክስቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ባለ ሁለት ዓይኗ ጭኗ ላይ ናት፤ አዲስ የቆዳ ማንገቻ ተሰፍቶላታል። ስፌቱ እዚህና እዚያ ጠመም ብሏል። አክስቷ የታመመ አንጓዋን በግራ እጇ እያሸች፣ «አሮጌው ተበልቶ ነበር። አንገትሽን እንዳይቆርጥሽ ብዬ ነው» አለች።

ሚጢ በቃ፣ ዝም ልበል ብላ አሰበች። እንዲያውም «አመሰግናለሁ» ለማለት አፏን ከፈተች።

«አክስትዬ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ።»

«ምን?»

«ትልቋን ነው የምፈልገው። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ያኛዋን ያልኩሽ።»

አክስቷ ማንገቻውን በጣቷ ዳሰሰች። ውጭ አንድ ሰው በሩን የሚያንኳኳ መሰለ፤ የሰዓት ሠሪው መዶሻ ነበር።

«ትንሽ ከፍቶኛል፤ ምን ልዋሽሽ» አለች በመጨረሻ። «ግን ለምን እንደሆነ ንገሪኝ። ስለምትከብድ ነው? ስለምትጮህ?»

ሚጢ ከቦርሳዋ የሰዓት ሠሪውን ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ የምስር ፍሬ የማታክል ጥርሳም የሰዓት መዘውር ተቀምጣለች። በጥፍሩ ጎን የቆየ ጠባሳ አለ፤ የቆዳው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አክስቷ ማጉያ መነፅሯን አምጥታ ጎንበስ አለች። ቀና ለማለትም አልቸኮለች።

«ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ሆኖ ይሄን ጠባሳ አላየሁትም» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። «ምን ላድርግ፤ እኔ ሁሌም ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ 'አገጭ ቀና' ስል ነበርኩ። ግን አንቺ ልጅ፣ ይህቺን ጡብ ተሸክመሽ ትችያለሽ?»

«ከክፍሌ ልጆች ረጅሟ እኔ ነኝ እኮ።»

«እውነትም። ሚጢ ማለታችንን ማቆም አለብን።»

ጠጋኙ በሰዓቱ ደረሰ። ባለ ሁለት ዓይኗን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ቁልፏን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫነና ራሱን ነቀነቀ። «እንዴት ያለች ዕቃ ናት! የምወስድላት ሰውም አለችኝ፤ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ልጆቹ በዚህች ዓይነቷ ሲነሱ አይፈሩም ትላለች።»

«ልጆች?» አለች አክስቷ፤ ፊቷ ፈታ አለ። ጠጋኙ ማንገቻውን ሊፈታ ሲል ግን እጁን ያዘችው። «ተወው፣ አብሯት ይሂድ። አዲስ ልብሷን ለብሳ ትሂድ።»

ጠጋኙ ከፍሎ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ሚጢ አክስቷን በጎን አየቻት። ዓይኗ ትንሽ ረጥቧል፤ ሆኖም ወዲያው ተነስታ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ከጥግ ጎትታ አመጣች። «በይ፣ ትልቋን እዚህ ላይ ስቀያት። ፊልም ጎርሳ ሥራ መፍታት የለም። ምን ልታነሺ ነው?»

«እጅሽን።»

«የኔን? ኧረ ሂጂ! ሰዓት ሠሪውስ ሰዓት ይዟል፤ እኔ ምን አለኝ?»

«ምንም አትያዢ።»

አክስቷ እያጉረመረመች ተቀመጠች፤ እጇንም ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ላይ ዘረጋች። ማጠቢያ መድኃኒቱ ያጠቆራቸው የጣቶቿ ጫፎች፣ ያበጠው አንጓ፣ ማንገቻውን ስትሰፋ መርፌ የወጋት ቦታ፣ ሁሉም ታዩ። ሚጢ ጥቁሩን ቆዳ ዘረጋችው፤ ቀረበች፤ እንደገና ቀረበች። ምስሉ በካሜራዋ መመልከቻ መስታወት ላይ ጠራ። አክስቷ ግን ጣቶቿን እንደ ሙሽራ አቅንታ ጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቃለች።

«ምነው፣ አታነሺም?»

«አነሳለሁ። እስቲ ስለዚያች አስተማሪ ንገሪኝ፤ ታውቂያታለሽ?»

አክስቷ ማውራት ጀመረች። ሚጢ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። እጁ ፎቶ እየተነሳ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ትጠብቃለች።