የባለሁለቱ የመጨረሻ ቀረጻ

ሬሳው ቤዝ ጊታሩን እንዳቀፈ ነበር። ወንበሩ ተገልብጦ ሰውዬው በጀርባው ሲንጋለል መሣሪያውን አለቀቀም፤ የግራ እጁ ጣቶች አሁንም በጊታሩ አንገት ላይ ታጥፈዋል። ትንሿ ጣት ብቻ እንደ እንጨት ቀጥ ብላ ቀርታለች።

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ጣቲቱን ነካ አደረገቻት።

«ይቺ ዛሬ የደረቀች አይደለችም» አለች። «የድሮ ስብራት ናት።»

ተነሳች፤ ክፍሉን አንዴ ዞረች፤ ተመልሳ ተንበረከከች፤ እንደገና ተነሳች። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «እሳት የረገጠች» ይሏታል። ስሙን ሰምታዋለች፣ አልከፋትም። ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው አላት እንጂ እሷ ራሷ ቁጭ ብላ አስባ አታውቅም።

ያ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ሃምሳ አለቃው ነበር። ጣቢያው ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ስለሆነ ጥሪው እንደደረሰው መንገዱን ተሻግሮ በሩን ዘግቶታል፤ ከዚያም ነገሩን ሁሉ ጨርሶ ጠብቋታል።

«ሟቹን ባለሁለቱ ይሉታል፤ ጊታርም ቤዝም ስለሚጫወት ነው። አርባ ዓመት በየሆቴሉና በየመጠጥ ቤቱ ብሉዝ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። የገደለችው ልጁ ናት።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ዘፋኝ ናት፤ ዛሬ አብራው ልትቀረጽ መጣች። ከቤቷ በፔርሙዝ ያመጣችውን ዝንጅብል በማር በገዛ እጇ ቀድታ ሰጠችው። ሁለቴ ጎንጨት አለ፣ አምስት ደቂቃ አልቆየም። ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል። ትናንት ደግሞ እዚሁ በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷቸዋል። በዘጠኝ ሰዓት መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ከሩብ ነው።

«ፔርሙዙና ብርጭቆው ቤተ ሙከራ ይሂዱ፤ ሬሳውንም ሐኪሙ ይውሰደው። የሁሉንም ኪስ ፈትሸሃል?»

ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ሰጣት። ልጂቱ፦ ቁልፍ፣ ስልክ። ድራመሩ፦ ሲጋራ፣ ክብሪት። ድምፅ ቀራጩ፦ ስልክ፣ ጠመንጃ መፍቻ። ቀረጻውን ሊያዩ የመጡት የጊታር መምህር፦ መነጽር፣ እስክሪብቶ፣ በመሐረብ የተጠቀለለች አንዲት የጊታር ፒክ።

«ብልቃጥ ነበር የፈለግኩት፤ አልተገኘም» አለ እንደ ማፈር ብሎ።

ግድግዳው ዙሪያውን ምንጣፍ ተሰፍቶበታል፤ ድምፅ እንዳይወጣ ነው። በአንድ በኩል ትልቅ መስታወት አለ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ቀራጩ የሚሠራበት ጠባብ ክፍል። የሟቹ ጊታር ከተገለበጠው ወንበር አጠገብ በማቆሚያው ላይ ቆሟል። ክሮቹ መሃል፣ አንገቱ ጫፍ ላይ፣ ፒኩ ተሰክታለች፤ ጊታር የሚመታባት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ ናት። ኢንስፔክተሯ በመሐረብ ይዛ መዘዘቻት። ልሙጥ ነች፣ አዲስ።

የጊታሩን ሳጥን ከፈተች። ትርፍ ክሮች፣ አሮጌ ፎጣ፣ የከረሜላ ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ውስጥ አሥራ አንድ ፒኮች ነበሩ። አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያነሳች አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

ልጂቱ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ሐዘኑ ገና አልደረሰባትም።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች ሳትጠየቅ።

«ማን ስጪኝ አለሽ?»

«እሱ። ቤዙን እየተጫወተ ‹ልጄ፣ አፌ መረረኝ› አለኝ። በደንብ እንኳ አልሰማሁትም፤ ሥራ ላይ ሲሆን ጥርሱን ገጥሞ ነው የሚያወራው። ሄጄ ቀዳሁለት።»

«ትናንት ለምን ተጣላችሁ?»

«አባዬ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት ሞላህ፣ በቃህ አልኩት። ‹አንድ ዘፈን ቀርቶኛል። እሱን በስሜ ልቅረጽና አርፋለሁ› አለኝ። አርባ ዓመት እንደዛ ስትል ነው የኖርከው ብዬ ጮህኩበት።» ቀና አለች። «እትዬ፣ እኔ ምንም አልጨመርኩም። ግን ዝንጅብሉን የገዛሁት እኔ፣ ያፈላሁት እኔ። ሳላውቅ የሆነ ነገር ገብቶበት ቢሆንስ? እስሩ ይሁን፣ እታሰራለሁ። በእጄ እንደሞተ እንዳልሞተ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ፔርሙዙ ቤተ ሙከራ ሄዷል፤ ውጤቱን እነግርሻለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። የሌላትን መልስ የምትሰጥ ሴት ስላልሆነች ወደ በሩ አለፈች።

ሽማግሌው ድራመር በር ላይ ቆሞ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቶቹ መሃል ያሽከረክራል።

«አባቴ፣ ባለሁለቱ ጠላት ነበረው?»

«ለጠላት ጊዜ ከየት አምጥቶ? ቤዘኛው ሲቀር እሱ፣ ጊታሪስቱ ሲሰክር እሱ። ማታ ከዚህ ጋር፣ በማግስቱ ከዚያ ጋር። ስም የሚጻፈው ግን የሌላ ሰው ነው። አራሹ አንድ፣ ጎተራው የሌላ» አለ ድራመሩ። «እንደሱ የሚፈጥን የለም። ጊታሩን በፒክ ጨርሶ ቤዙን በጣቱ ለመጀመር ትንፋሽ እንኳ አይወስድም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም። ሁለተኛውን የጊታር ቀረጻ እንደጨረሰ ጊታሩን አቁሞ ቤዙን አነሳ።»

«ከዚያ በፊት አላረፋችሁም?»

«በሁለቱ ቀረጻዎች መሃል አሥር ደቂቃ። እሱም ጊታሩንና ፒኩን ወንበሩ ላይ ትቶ ሁላችን ውጪ ወጣን፤ መምህሩ ወገባቸውን ስለሚያማቸው እዚሁ ቀሩ። እኔም ሲጋራዬን ረስቼ አንዴ ተመልሻለሁ። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ድምፅ ቀራጩ መስታወቱ ጀርባ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። የጠዋቱ ቀረጻ በሙሉ በእጁ አለ፤ ሲጨርስም ሲጀምርም ማሽኑን አያጠፋም።

«ጊታር ትችላለህ?» አለችው።

«ትንሽ። መምህሩ ጋር ተምሬ ነበር።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ተጫውተን ስናበቃ ፒኩን ክሩ መሃል ሳንሰካ ከተነሳን ጣታችንን በማስመሪያ ይሉን ነበር። እስከዛሬ ሳልሰካ አልነሳም።»

«ጠዋት ከዚህ ክፍል ወጥተሃል?»

«በእረፍቱ ብቻ። ሲወድቅ እዚሁ ነበርኩ፣ በድምፅ ማጉያ ጠራሁት፤ ቀረጻው ላይ ድምፄ አለ። ከዚያ ለእርዳታ የደወልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ደረቱን ትጫን ነበር፤ ድራመሩ ሰው ሊጠራ ሮጠ። መምህሩ ከጎኑ ተንበርክከው ነበር።»

መምህሩ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ አሮጌ ሸክላ ሥር ተቀምጠዋል። የሸክላው ልባስ ላይ እሳቸው አሉ፤ ጎልማሳ፣ ጊታር ያነገቱ። የትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ባለቤት ናቸው።

«ይህ የእርስዎ ነው?»

«ከሠላሳ ዓመት በፊት የሠራሁት ነው። ዛሬ የሚቀርጹት ዘፈን ያው ነው። ወዳጄ ሊያከብረኝ ፈልጎ ይመስለኛል።»

«እርስዎም አብረው ሊጫወቱ ነበር?»

«እኔ? ጊታር ከነካሁ ሃያ ዓመቴ ነው። ጣቶቼ ተሳሰሩ» አሉና እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። እውነትም ተሳስረዋል።

ኢንስፔክተሯ ሸክላውን ከግድግዳው አወረደች። «አንድ ጊዜ ላውሰው» አለች፤ እሺ እስኪሉም አልጠበቀችም።

ከቤተ ሙከራው የተደወለው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቆማ አዳመጠች፤ እየተመላለሰች አዳመጠች፤ መጨረሻ ላይ ግን፣ ሃምሳ አለቃው ካወቃት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሁሉንም ወደ ትልቁ ክፍል አስገባልኝ» አለችው። «በዘጠኝ ሰዓት መኪናው ሲመጣ ባዶውን አይመለስም።»

ተሰበሰቡ። ልጂቱ የአባቷ ወንበር ከነበረበት ርቃ ቆመች። መምህሩ አምፕሊፋየሩ ላይ ተቀመጡ። ድራመሩ ከበሮዎቹ ጀርባ ገባ፤ ሌላ የሚያውቀው ቦታ የለም።

«መጀመሪያ አንቺ» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ልጂቱ ዞራ። «ፔርሙዙ ንጹህ ነው። ብርጭቆው ሥር የቀረውም ንጹህ ነው። መርዙ የተገኘው ከንፈሩ ባረፈበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ከብርጭቆው ወደ አፉ አልገባም፤ ከአፉ ነው ወደ ብርጭቆው የሄደው። ስትሰጪው ተመርዞ ነበር።»

ልጂቱ ግድግዳውን ተደገፈች። አሁን ነው እንባዋ የመጣው። ኢንስፔክተሯ ወንበር አቀረበችላት።

«ታዲያ አፉ ውስጥ ምን ነበር?» ቀጠለች። «ልጁ ሥራ ላይ ጥርሱን ገጥሞ ያወራል አለችኝ። ቀረጻውን ሰማሁት፤ ‹አፌ መረረኝ› ሲል በጥርሱ አንድ ነገር ነክሶ ነው። አባቴ፣ ቤዙን በጣቱ ሲጫወት ፒኩ የት ትሆናለች?»

«ጥርሱ መሃል ነዋ» አለ ድራመሩ። «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ። አንቺ ስላልጠየቅሽኝ…» አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ከረሜላ ቆርቆሮውን ከፍታ ፒኮቹን ከበሮው ላይ ዘረገፈቻቸው። «አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም ጥርስ ያረፈባቸው። ጊታሩ ላይ ያገኘኋት ግን ምንም አልነካትም። አንድ ሰው የእሱን ወስዶ ሌላ ተካ። በእረፍቱ ሰዓት ወንበሩ ላይ ትቷት የወጣውን ፒክ መርዝ ቀባት፤ ሁለተኛውን የጊታር ቀረጻ እንደጨረሰ ነክሷት ቤዙን እንደሚያነሳ ያውቃል። ሊጠጣ ሲል ከአፉ አውጥቶ አጠገቡ አኖራት። ሲወድቅ ሁሉም ወደ እሱ ሲያይ ያ ሰው ፒኳን አነሳ፤ እንዳትጎድል ደግሞ ከቤቱ ያመጣትን አዲስ ፒክ አስቀመጠ። የትም ሊጥላት ይችል ነበር። ግን ቸኮለ፤ የቸኮለ እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ክሩ መሃል ሰካት። ባለሁለቱ ግን በሕይወቱ ፒክ ክር መሃል ሰክቶ አያውቅም።»

ድምፅ ቀራጩ ሳያስበው ማስመሪያ ያረፈባቸውን ጣቶቹን አሸ።

«ዓመል ያወጣል ከመሃል» አለች ኢንስፔክተሯ። «እንደዛ የሚሰኩ እዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው እሱ ሲወድቅ መስታወቱ ጀርባ ነበር፤ ድምፁ ቀረጻው ላይ አለ። መምህር፣ ሃያ ዓመት ጊታር ያልነካ ሰው በመሐረብ የጠቀለላት ፒክ ምን ይሠራለታል? ሃምሳ አለቃ ብልቃጥ ሲፈልግ አይቶ አለፋት። አስተማሪ ኪስ ውስጥ ፒክ ቢገኝ ማን ይገረማል? ሽንት ቤት ሄደው እንዳይጥሏት በሩ ተዘግቶ ነበር። ከኪስ ከወጣው ዕቃ ጋር ተይዛ ነበርና ቤተ ሙከራ ልኬያታለሁ። የጥርስ ምልክት አላት፤ መርዝም አላት።»

መምህሩ ጣቶቻቸውን ያያሉ።

«ለምን?» አለ ድራመሩ። «ሊያከብራቸው አልነበር?»

ኢንስፔክተሯ ለቀራጩ ምልክት ሰጠችው። መጀመሪያ አሮጌው ሸክላ ተሰማ፤ ቀጥሎ የዛሬው ጊታር። በሁለቱም ላይ፣ በየዙሩ ማብቂያ፣ የመጨረሻዋ ድምፅ በቀጥታ አትመታም፤ ከታች ተንሸራታ ትደርሳለች።

«ትንሿ ጣቱ አትታጠፍም» አለ ድራመሩ ቀስ ብሎ። «ለዚያ ነው የሚያንሸራትታት። ይሄ… ይሄ ሸክላው ላይ ያለው እሱ ነው።»

«ቤዝ ሊጫወት ተቀጥሮ ነበር» አሉ መምህሩ። «ያን ቀን እኔ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጠጥቼ ነበር። ሁለቱንም እሱ ተጫወተ። ሠላሳ ዓመት ዝም አለልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። ዝም ቢል ምን ነበረበት? ‹አላሳፍርህም፣ አንዴ በስሜ ልጫወታት ብቻ› አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ትምህርት ቤቴ፣ ተማሪዎቼ፣ ስሜ… ሁሉም በዚያች ሸክላ ላይ ነው የቆመው።»

ልጂቱ ከግድግዳው ተላቀቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» ስትላቸው ኖራለች።

«አንተ» አለችው። «እሱ ለአንተ ሠላሳ ዓመት ሰጠህ። አንተ ለእሱ አንድ ጠዋት ከለከልከው።»

መኪናው በዘጠኝ ሰዓት መጣ፤ ባዶውንም አልተመለሰም።

ኢንስፔክተሯ መውጣት ሲገባት በሩ አጠገብ ዘገየች። ቀራጩ የቀረጻውን ቴፕ ሳጥን ይዞ እስክሪብቶ እየፈለገ ነው።

«ቤዙ አላለቀም» አለ ልጂቱን ሳያያት። «የመጨረሻው ዙር ሊያበቃ ሁለት ምት ሲቀረው ነው ያቆመው። ከፈለግሽ እኔ ልሙላው፤ ማንም አያውቅም።»

«አይነካ» አለች።

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ሳጥኑ ላይ ለስም የተተዉ መስመሮች አሉ፦ ድምፅ፣ ድራም፣ ጊታር፣ ቤዝ። የራሷን መስመር ባዶ ተወችው። ጊታር በሚለው ላይ የአባቷን ሙሉ ስም ጻፈች፤ ቅጽል ስሙን ሳይሆን እናቱ ያወጣችለትን። ቤዝ በሚለውም ላይ ያንኑ ስም ደገመችው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስም ሳጥኑን ከእጇ አላኖረችውም።