ለንቦቹ የተነገረው

ዞነግ ከትልቁ ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስባት፣ በአልፕስ ተራሮች ጉያ የተሸጎጠች፣ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ትንሽ መንደር ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ዳቦ ቤትና ከሰዎቿ የሚበልጡ ላሞች አሏት። ከበላይዋ ያለው የጥድ ደን የበረዶውን ናዳ ስለሚያቆም፣ አያቶች ማንም እንዳይነካው ከልክለው ነበር። ሹመት ያቀበጠው ሰው ግን የአያት ቃል አይሰማም። ከንቲባው ካስፓር ለከተማ እንግዶች የበረዶ መንሸራተቻ ለመሥራት ብሎ ደኑን አስመነጠረው። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በብርዱ ወራት ናዳው ወርዶ የመበለቲቱን የኖትቡርጋን አንድያ ልጅ ቀበረው። መንደሩ አካፋ ይዞ ወጣ። ካስፓር ግን እንግዶቹ እንዳይሸሹበት ፈርቶ፣ "ሞቷል፤ በቃ፣ መቆፈሩን አቁሙ" አለ። አቆሙ።

ዛፎቹ ቅጠላቸውን ማራገፍ በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካስፓር እንደ ልማዱ የእርጥብ ድርቆሽና የእበት ሽታ በሞላው መንገድ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ከገዛ ጓሮው እንጨት ሲንኳኳ ሰማ። ኖትቡርጋ ነበረች። ጥቁር ለብሳ የእሱን የንብ ቀፎዎች አንድ በአንድ በቁልፍ ታንኳኳለች። በዚያ አገር የቤቱ ጌታ ሲሞት ንቦቹ መርዶው ካልተነገራቸው ጥለው ይሄዳሉ ይባላል።

"ንቦቼ፣ ጌታችሁ ካስፓር ሞቷል። እናንተ ግን አትሂዱ" አለቻቸው።

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ?" ብሎ ሳቀባት።

ዞር ብላም አላየችው። ጉም ጉም ሲሉ የነበሩት ንቦች ጸጥ አሉ።

ዳቦ ጋጋሪው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ካስፓር ሰላም አለው፤ ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ አማተበና መንገዱን ቀጠለ። ወዲያው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለሙት በሚደወልበት በዚያ ዘገምተኛ አደዋወል ያስተጋባ ጀመር። ካስፓር ሮጦ ሄዶ ገመዱን የሚስቡትን ቄስ፣ "አባ፣ ለማን ነው?" አላቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

ተመልሶ ቤቱ ሲገባ ሳሎኑ ጨልሟል፤ የሻማና አዲስ የተላገ ጥድ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ጎረቤቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው በለሆሳስ የሙታን ጸሎት ያነበንባሉ፤ መካከላቸው ክፍት የሬሳ ሣጥን አለ። ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኸ፣ ትከሻቸውን ይዞ ነቀነቃቸው፣ አንድም ዓይን ወደሱ አልዞረም። እውነት ሞቼ ይሆን ብሎ ደረቱን ዳሰሰ። ልቡ ይመታል። ያን ጊዜ ነው የምር የፈራው።

አራት ወንዶች ተነሡ። እጅና እግሩን ይዘው፣ የሚወዱትን ሰው አስከሬን እንደሚያነሡ በቀስታ አንሥተው ሣጥኑ ውስጥ አጋደሙት። ቢንፈራገጥ አጥብቀው ያዙት።

"ረጊና!" አለ ሚስቱን። "አንቺ እንኳ ስሚኝ! በሕይወት አለሁ!"

ረጊና ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለትና ወደ ጆሮው ተጠጋች።

"እንሰማሃለን፣ ካስፓር" አለችው በለሰለሰ ድምፅ፣ ክዳኑን ወደ ራሷ እየሳበች፤ "የኖትቡርጋ ልጅም ከበረዶው ሥር ሲጣራ ሁላችንም ሰምተነው ነበር።"